ክቡር ሰብሳቢ፣ ማይኩ ክፍት ነው

«የምክር ቤት ስብሰባ በቀጥታ ይተላለፍ ትላላችሁ። ለመሆኑ ማን ሊያየው?» አሉ ክቡር ሰብሳቢ።

እውነትዎን ነው ክቡርነትዎ፣ ማንም አያየውም። የእርስዎ ስብሰባ ከመርዘሙ የተነሳ «እንደምን አደራችሁ» ተብሎ ተከፍቶ «ደህና እደሩ» ተብሎ ይዘጋል። ከመድረቁ የተነሳ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው የታሸገ ውኃ ራሱ ይጠማዋል። ቃለ ጉባዔ ያዡ እንኳ ከሁለተኛው ገጽ በኋላ ያለፈውን ወር ነው የሚገለብጠው፤ እስካሁን ልዩነቱን ያስተዋለ የለም። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ማንም የማያየው ከሆነ፣ ካሜራ በተባለ ቁጥር ከረባትዎን የሚያስተካክሉት ለማን ነው?

ሃንድፎርዝንም ማንም አያያትም ነበር። ሃንድፎርዝ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ቼሺር ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ፓሪሽ ካውንስል አላት። ይህ እንግዲህ የእንግሊዝ አስተዳደር የመጨረሻው እርከን ነው፤ ከእሱ በታች ያለው ሣሩ ብቻ ነው። ዲሴምበር 10 ቀን 2020፣ ኮቪድ ሁሉንም ቤቱ ባስቀመጠበት ጊዜ፣ የካውንስሉ ሰዎች በዙም ተሰበሰቡ። ጃኪ ዊቨር የሚባሉ ወይዘሮ፣ በቼሺር የአጥቢያ ምክር ቤቶች ማኅበር ኃላፊ፣ የዚያን ዕለት ጸሐፊ ሆነው እንዲያግዙ ተጠርተዋል። ሰብሳቢው ግን «ስብሰባው ሕጋዊ አይደለም» ባይ ናቸው። ብለውም አልቀሩ፤ ዙም ላይ ስማቸው በሚታይበት ቦታ «ጸሐፊ» ብለው ጽፈው የሴትየዋን ሥራ ለራሳቸው ሰጥተዋል። ሊቀመንበርም ጸሐፊም መሆን እኛ ዘንድ ብቻ ያለ ጥበብ ይመስለኝ ነበር።

ሰውየው «እዚህ ምንም ሥልጣን የለሽም!» ብለው ጮኹ። ወይዘሮዋ ድምፃቸውን አላነሱም። አንዲት ቁልፍ ነካ አደረጉና ሰብሳቢውን ከስብሰባው አስወጧቸው። ምክትሉ ተነሡ፤ «የስብሰባ ደንቡን አንብቢ! አንብበሽ ተረጂ!» ብለው ደነፉ። እሳቸውም ሄዱ። የቀሩት ሰዎች፣ «የጁሊ አይፓድ» በሚል ስም የገቡትን ተሰብሳቢ ጨምሮ፣ አጀንዳቸውን ቀጠሉ። እኛ አገር እስከ ዛሬ የምናውቀው ሰብሳቢ ተሰብሳቢ ሲያስወጣ ነው፤ ሰብሳቢ በአንዲት ቁልፍ ሲባረር ግን መጀመሪያዬ ነው።

ቅጂው ሁለት ወር ገደማ ኢንተርኔት ላይ ተጋድሞ ነበር። ልክ እርስዎ እንዳሉት፣ ዞር ብሎ ያየው የለም። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ አንድ ወጣት ተማሪ አገኘውና ቆራርጦ ትዊተር ላይ ለጠፈው። ከዚያ በኋላ ሚሊዮኖች ናቸው ያዩት። ጃኪ ዊቨር በየጣቢያው ተጠሩ፣ መጽሐፍ ጻፉ፣ ቲሸርትና ኩባያ ላይ ወጡ።

ጣፋጩ ግን ከዚህ በኋላ ነው። በ2022 የምርመራው ውጤት ወጣ። ምን አለ? ወይዘሮ ዊቨር ሰዎቹን ለማስወጣት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ቢሆንም በዚያ ትርምስ መካከል ለምን እንዳደረጉት ይገባናል፣ አለ። እንግዲህ ጯሂው ሰውዬ ልክ ነበሩ ማለት ነው! ዓለም በሙሉ የሳቀባቸው ሰው ሕጉን ያውቁ ነበር፤ ያላወቁት አነጋገሩን ነው። ይህንንም መዝኖ ለመፍረድ የተቻለው ስብሰባው ከጩኸቱ እስከ ዝምታው ሳይነካ ስለተቀመጠ ነው።

አሁን ያንኑ ስብሰባ ለእኛ ዜና አንባቢ ይስጡት። «የሃንድፎርዝ ፓሪሽ ካውንስል በወቅታዊ ጉዳዮች ላይ በጥልቀት ተወያይቶ፣ የጋራ መግባባት ላይ በመድረስና ቀጣይ አቅጣጫ በማስቀመጥ ስብሰባውን በስኬት አጠናቋል።» አለቀ። ጃኪ ዊቨርም የሉም፣ አይፓዱም የለም፣ ሥልጣንም ያጣ ሰው የለም።

«እሱስ ይሁን፤ ካሜራ ሲገባ ግን ሥርዓት ይደፈርሳል» አሉ ክቡር ሰብሳቢ።

ይደፈርሳል እንጂ! የደፈረሰበትን ልንገርዎት። ጁን 2011 ላይ ዌልስ ውስጥ፣ ካርማርተንሻየር በሚባል አውራጃ፣ አንዲት ሴት ለሕዝብ በተፈቀደው መቀመጫ ላይ ሆና የምክር ቤቱን ስብሰባ በስልኳ ትቀርጻለች። ፖሊስ ተጠራ፣ በካቴና ታስራ ተወሰደች። ሥርዓቱን ያደፈረሰው እንግዲህ ስልኩ ነው፤ ካቴናው ሥርዓት አስከባሪ ነው።

በዚያው በጁን ወር፣ በ22ኛው ቀን፣ ነገሩ አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ እኛ ሰዎች መጣ። የዋሽንግተን ዲሲ የታክሲ ኮሚሽን ስብሰባ ላይ ነው። አዳራሹ በታክሲ ነጂዎች ተሞልቷል። በዚያ ዘመን የዲሲ ታክሲ ውስጥ ገብቶ «ሰላም ነው?» ያለ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ እንደሚያገኝ እርስዎም ሰምተዋል። የሚነጋገሩትም የታክሲውን ቁጥር በፈቃድ ሊገድብ ስለመጣ ሐሳብ፣ ማለትም ስለ እንጀራቸው ነበር። አንድ ጋዜጠኛ በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ታሰረ። ሌላው ጋዜጠኛ እስሩን ቀረጸ፤ እሱም ታሰረ። ሦስተኛ ሰው የሁለተኛውን እስር ቢቀርጽ ኖሮ ስብሰባው ወደ ማረፊያ ቤት ተዛውሮ በሙሉ ምልዓተ ጉባዔ በቀጠለ። ሾፌሮቹ ግን ምን ያህል የለመዱት ነገር እንደሆነ እንጃ፣ ጋዜጠኛው ሲያዝ ዝም ብለው አላዩም፤ ተቃውመው አዳራሹን ጥለው ወጡ። የከተማዋ የክፍት ስብሰባ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እኮ በዚያው ዓመት በማርች 31 ነው። ሦስት ወር አልሞላውም! ሕጉ በሩን ከፈተ፣ ፖሊሱ በበሩ ገባ።

ዌልስ እንዴት እንደጨረሰችው ያውቃሉ? በ2021 ባወጣችው ሕግ ዋና ዋናዎቹ ምክር ቤቶች ሙሉ ጉባዔያቸውን በኢንተርኔት እንዲያሰራጩ አስገደደች። ሴትየዋ ካቴና ከገባላት ከአሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንግሊዝም በ2014 ማንም ዜጋ የአካባቢውን ምክር ቤት ስብሰባ እንዲቀርጽ በደንብ ፈቅዳለች። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ዛሬ ስልኩን የሚነጥቁትን ልጅ ስምና አድራሻ በደንብ ይያዙት። ኋላ የቀጥታ ሥርጭት ባለሙያ ብለው ሊቀጥሩት ይችላሉ።

ዲሲን ካነሣን ዘንድ ወገኖቼንም ሳልነካ አላልፍም። የከተማዋ ምክር ቤት በቻናል 13 ይተላለፋል፣ በኢንተርኔትም ይለቀቃል። ፓርኪንጉም፣ የቤት ኪራዩም፣ የምግብ ቤት ፈቃዱም፣ የታክሲውም ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ ደግሞ መሥሪያ ቤቶቹ ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ እንዲሆን አድርጓል። ታዲያ የእኛ ሰው ምን ያያል? ማታ ከሥራ ገብቶ ስለ አራት ኪሎ የሦስት ሰዓት ዩቲዩብ ያያል። ስለ አንድ ሚኒስትር የቀድሞ ሹፌር የአክስት ልጅ በዝርዝር ይነግርሃል። ሱቁ በር ላይ ፓርኪንግ የከለከለው የምክር ቤት አባል ማን እንደሆነ ስትጠይቀው ግን «ፈረንጆቹ ናቸው» ይላል። ወንድሜ፣ ፈረንጆቹማ ሲወስኑ በቀጥታ እያሳዩህ ነበር! አንተ ቻናል 13ን የምታውቀው ሪሞት ላይ በስህተት ስትረግጠው ብቻ ነው።

«የሌላውን አገር ተወኝ፤ እኛም እናሳያለን እኮ!» አሉ ክቡር ሰብሳቢ፣ ቆጣ ብለው።

ታሳያላችሁ። አላሰማችሁም ነው ያልነው። ማታ ዜና ላይ ስብሰባው ይመጣል። ክቡርነትዎ ይናገራሉ፤ አፍዎ ይከፈታል ይዘጋል፣ እጅዎ ይወጣል ይወርዳል፣ ድምፁ ግን የጋዜጠኛዋ ነው። «ኃላፊው እንዳሉት» እያለች እርስዎን ትተረጉምልናለች። አማርኛን ወደ አማርኛ! ካሜራው ከዚያ ወደ ተሰብሳቢው ይዞራል። አንዷ ማስታወሻ ትጽፋለች። አንዱ ማስታወሻ የሚጽፍ ይመስላል። አንዱ እንቅልፉን እየተናነቀ ሳለ ካሜራው ሲደርስበት ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቅነቅ ያደርጋል፤ በሪፖርቱ «ተሳታፊዎች ድጋፋቸውን ገልጸዋል» የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ አንድ አስተያየት ሰጪ ይቀርባሉ። «መድረኩ በጣም ጥሩ ነበር፣ ብዙ ግንዛቤ አግኝተናል» ይላሉ። እኚህ ሰውዬ በየስብሰባው አሉ። የት እንደሚኖሩ የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ወደ ወረዳ ሲወረድ ዜናውም ይቀርና ፎቶ ብቻ ይሆናል። የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ አራት ፎቶ ይለጠፋል፤ ባነሩ፣ መድረኩ፣ ተሰብሳቢው ከኋላ፣ ተሰብሳቢው ከጎን። ከሥሩ «በቀረበው ሰነድ ላይ ውይይት ተካሂዷል» ይላል። ሰነዱ ምን ነበር? ማን ምን ጠየቀ? ከጀርባ የተቀመጡት እናት እጃቸውን አውጥተው ስለ ቦኖው ውኃ ሲጠይቁ ምን ተመለሰላቸው? ፎቶ እንዴት ይመልሰው! እሳቸውን እጃቸውን እንዳወጡ ለዘላለም አስቀርቷቸዋል። ማይክ አልደረሳቸውም፤ ፎቶው ላይም አይደርሳቸውም።

ሰው ስብሰባ ማየት አይወድም የሚሉኝ እንደሆነ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለተወካዮች ምክር ቤት ጥያቄ መልስ በሚሰጡበት ቀን ካፌ ይግቡ። ማኪያቶው ቀዝቅዞ፣ አስተናጋጁ ትሪውን ይዞ ቆሞ ያዩታል። ሕገ መንግሥቱ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን በአንቀጽ 12 ያዛል። የተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባም በግልጽ እንዲካሄድ፣ ዝግ የሚሆነውም ከግማሽ በላይ አባላት ከወሰኑ ብቻ እንዲሆን በአንቀጽ 58 ላይ አለ። እንግዲህ የአገሪቱ ትልቁ ስብሰባ በድምፅ ይታያል፣ የሰፈሬ ኮብልስቶን የሚወሰንበት ትንሹ ስብሰባ በፎቶ ይታያል። ስለ ውጭ ምንዛሪ የሰማሁትን ያህል ስለ ቤቴ ጀርባ ቦይ አልሰማሁም። አባቶቻችን እኮ ዛፍ ሥር «በላ ልበልሃ» ሲሟገቱ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር። የሚዘጋ በር አልነበራቸውማ፣ ዛፍ ነው!

«ካሜራ ካለ ሁሉም ተዋናይ ይሆናል። ለሕዝብ መሥራት ትቶ ለካሜራ ይናገራል» አሉ ክቡር ሰብሳቢ።

ይህቺን ሰጠሁዎት። እውነት አላት። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በ1979 በሲ-ስፓን ቴሌቪዥን መተላለፍ እንደጀመረ ይህንኑ ዘዴ የገባቸው ብልጦች ተነሡ። ኒውት ጊንግሪች የሚባለው እንደራሴና ባልንጀሮቹ የዕለቱ ሥራ ካለቀ በኋላ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆመው ተቃዋሚዎቻቸውን ዲሞክራቶችን ይሞግታሉ፤ ካሜራው ተናጋሪውን ብቻ ስለሚያሳይ ቤቱ ያለው ተመልካች ዲሞክራቶቹ መልስ አጥተው ዝም ያሉ ይመስለዋል። በሜይ 1984 አፈ ጉባዔው ቲፕ ኦኒል አመረሩ። ምን አደረጉ? ካሜራው ይጥፋ አላሉም። አዳራሹን ዙሩና አሳዩት ብለው አዘዙ። ያ ሁሉ ንግግር ለወንበር መሆኑ ተገለጠ። እኔን የገረመኝ መድኃኒቱ ነው። ካሜራው ሲዋሽ ያዳኑት በሌላ ካሜራ ሳይሆን በዚያው ካሜራ አንገት ነው፤ ትንሽ ዞር ማድረግ ብቻ።

እርስዎም ተዋናይ ይበዛል ብለው አይስጉ። አሁን ያለውስ ምን ጎደለው? «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ ሃያ ደቂቃ መድረኩን የሚያመሰግነው ሰውዬ ለካሜራ ነው? ካሜራ የለማ! ለእርስዎ ነው የሚተውነው። ተመልካች ብናበዛለት ቢያንስ አንዱ «በቃህ» ይለዋል።

«ምስጢርስ? የመንግሥት ምስጢር የለም?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አለ። የሠራተኛ የግል ጉዳይ አለ፣ ፍርድ ቤት ያለ ክርክር አለ፣ ለእሱ በር ይዘጋ፤ የትም አገር ይዘጋል። የሚያስፈራኝ ግን በር የማያስፈልገው ምስጢር ነው። ሎስ አንጀለስን ይመልከቱ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ሠፈር በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው የከተማው ምክር ቤት ስብሰባው በቴሌቪዥን ይታያል። ካሊፎርኒያ የአካባቢ ምክር ቤቶች በግልጽ እንዲሰበሰቡ የምታስገድድበት ሕግ ከ1953 ጀምሮ አላት። ሕግም ካሜራም ሞልቷል። ታዲያ በኦክቶበር 2021 ሦስት የምክር ቤቱ አባላትና አንድ የሠራተኛ ማኅበር መሪ ከአዳራሹ ርቀው፣ የምርጫ ወረዳ አከላለሉን እየመከሩ፣ ሲያወሩ ሰው ሳያውቅ ተቀረጹ። ከዓመት በኋላ ቅጂው ሾልኮ ወጣ። ዘረኛ ስድብ ነበረበት። የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ኑሪ ማርቲኔዝ ከሥልጣንም ከወንበርም ለቀቁ። ሕጉ የሚከለክለው አብላጫው አባል ከመድረክ ውጭ እንዳይመክር ነው፤ ከ15 ሦስቱ ደግሞ አብላጫ አይሆኑም። በቁጥር ሕጋዊ፣ በቃል ነውር!

«ይኸው፣ ካሜራው ምን አዳነ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አላዳነም። ግን ሰዎቹ አዳራሽ ውስጥ ያንን አፍ አልከፈቱትም። ካሜራው ባይኖር ኖሮ ያንን ሁሉ ለመናገር ሌላ ክፍል መፈለግም ባላስፈለጋቸው። ተሸሽጎ መሳደብ ራሱ ዋጋ አለው፤ ቢያንስ የትራንስፖርት።

«በጀት የለንም፤ ኔትወርክም አይመችም።»

አሜሪካኖቹ ለዚህ በ1984 መላ መትተው ነበር። የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያ ሽቦውን በከተማው መንገድ ስለሚዘረጋ ከተማው ከገቢው እስከ 5 በመቶ ሊጠይቀው ይችላል፤ ለሕዝብ፣ ለትምህርትና ለአስተዳደር የሚሆን ቻናል እንዲለቅም ሊያስገድደው ይችላል። የየከተማው የምክር ቤት ቻናል የቆመው በዚህ ነው። ዛሬ ሰው ኬብሉን እያቋረጠ ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ያ ገንዘብ እየመነመነባቸው ነው፤ እነሱም በጀት የለም ቢሉ አልፈርድም። እርስዎ ግን ኬብልም ሽቦም አይፈልጉም። አንድ ስልክ፣ አንድ ማቆሚያ፣ አንድ ማይክ። የማይኩን ነገር አደራ፤ የእኛ አዳራሽ ማይክ ከተናጋሪው ይልቅ የራሱን ፉጨት ይወዳል።

ኔትወርኩንም አይተነዋል። አንዲት ቦኖ ስትመረቅ በድሮንና በሦስት ካሜራ፣ በፌስቡክ ላይቭ ሪባኑ እስኪቆረጥ ድረስ አንዴ እንኳ አይቋረጥም። ሪባን ሲሆን ፋይበር ነው፣ በጀት ሲሆን ጭስ ነው። የዚያችን ቦኖ ወጪ ያጸደቀው ስብሰባ ዕለት ብቻ ነው ኔትወርኩ የሚታመመው። ለእረፍት ሰዓት ከሚቀርበው ኩኪስ ግማሹን ቢቀንሱ የዓመቱ የዳታ ጥቅል ይገዛል። ተሰብሳቢው ይከፋዋል ካሉ ኩኪሱን አይንኩት፤ ባነሩን ይቀንሱ። በየስብሰባው አዲስ ባነር የሚሠራው ሰብሳቢው የመጣበትን ጉዳይ እንዳይረሳ ይመስለኛል።

ክቡር ሰብሳቢ ዝም አሉ። ከረባታቸውን ነካ አደረጉ። ጸሐፊያቸውን አዩ፣ ጸሐፊያቸው ሰዓቷን አየች።

«መልካም» አሉ በመጨረሻ። «በመርህ ደረጃ ተቀብለነዋል። ይቀረጻል። ግን ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት እኛ አይተነው፣ የማይሆነው ወጥቶለት፣ ተስተካክሎ ነው።»

እሱማ አለን ክቡርነትዎ። ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ስፖርት ይከተለዋል።